እጅሽ እንዳይቆም

መስከረም 18

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። የጥርስህንም ጭምር፤ ባለፈው ደብዳቤህ ከራስህ ይልቅ ስለ እሱ ብዙ ስለጻፍክ ከቤተሰብ ቆጥሬዋለሁ። እኛ ደህና ነን። እናትህ ደህና ናት። ድመቷ ደህና ናት። ማተሚያ ቤቱ ደህና አይደለም፤ ግን እኔ አራሚ ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ ደህና ሆኖ ስለማያውቅ ይህ እንደ ወሬ አይቆጠርም።

የላክኸው ጥቅል ደርሷል። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ከፍቶ አሸተተና «እትዬ፣ የዶሮ መኖ ነው?» አለኝ። «ሆፕ ነው፤ ቢራን መራራ የሚያደርገው ተክል» ብዬ ባስረዳው፣ «ታዲያ መራራ ነገር ከዚያ ድረስ ማስላክ ለምን አስፈለገ? እዚህ መች ጠፋ!» ብሎ ማኅተሙን መታልኝ።

የአባትህን ትልቁን ድስት ከዕቃ ቤት አወጣሁት። ነፍሱን ይማረውና፣ ቀኑን ቢራ ፋብሪካ ውሎ ቤቱ ሲገባ እንደገና ቢራ የሚጠምቅ ሰው ከእሱ ሌላ አላየሁም። ዳቦ ጋጋሪ እንኳ ቤቱ ገብቶ ዱቄት ማየት አይፈልግም። ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩ፣ አጠለልኩ፣ ጣፋጩን ጭማቂ አፈላሁት። ሆፑን መመሪያህ እንደሚለው ሦስት ጊዜ ከፍዬ ጨመርኩ፦ መፍላት ሲጀምር፣ መሐል ላይ፣ ሊወርድ ሲል። የወጣው ነገር ቢራ ነው፤ ሌላ ስም ስላጣሁለት። ምሬቱ ለብቻው ይመጣል፣ መዓዛው ለብቻው ይመጣል፤ ተኮራርፈው አንድ ቤት እንደሚኖሩ ባልና ሚስት።

ሽታው ሲወጣ እናትህ ከመኝታ ቤቷ መጣች። «ጩሉሌ ገባ?» አለችኝ፣ በልጅነት ስምህ። አልገባም አልኳት። «ቁልፉን ረስቶ ሄዷል እኮ» ብላ ተመለሰች። ወጣት ሳለህ ቁልፍ ሳትይዝ ወጥተህ፣ ከመንገድ ላይ ስትጮህ በወጥ ቤቱ መስኮት ትወረውርልህ የነበረው ትዝ ይልሃል? አሁንም መሐረብ ውስጥ እንደተቋጠረ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ሳቅን።

በስልክ ላግኛት ላልከው ግን፣ ጆሮዋ ከብዷል፤ ስልክ አይሆንላትም። ደብዳቤ ይሻላል። እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

ደህና ሁንልን።
የአጎትህ ልጅ፣ አራሚዋ


ጥቅምት 12

ለእህት ዓለም፤

ሰላምታዬ ከቤት እስከ ደጅ ይድረስ፤ ለእማዬ ጉልበቷን ስመሽ ስጪልኝ። እኔ እንደ ቦይለሬ ነኝ፤ እጮኻለሁ እንጂ አልፈነዳም። የምሠራበት ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ሕንፃውን ከሚያሞቀው ከእሱ ጋር ስንፋጠጥ እንውላለን። ላይ ያሉት ሐኪሞች ሰው ያድናሉ፤ እኔ ሐኪሞቹ ብርድ እንዳይመታቸው እጠብቃለሁ። ጥርሴ ተነቅሏል። ሐዘንሽን ተቀብያለሁ።

ሦስት ጊዜ መጨመሩን ተይው። እሱን የጻፍኩልሽ ለጀማሪ ብዬ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሆፕ ብዙ ሲፈላ ምሬቱን ይለቃል፣ መዓዛው ግን ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የገባው ደግሞ መዓዛ ይሰጣል፣ ምሬት የለውም። ሦስት ጊዜ ስትጨምሪ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ክፍል አስገብተሽ በሩን መዝጋትሽ ነው። ከመጀመሪያው አረፋ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጪ ቁንጥር ቁንጥር እያደረግሽ ከበተንሽው ግን፣ ምሬቱ የት ላይ እንደጀመረ ማንም አይለይም። ልክ እንደ ሸማኔ ክር ይገባል።

ዋጋው አንድ ነው፦ ከድስቱ አጠገብ አትሄጂም። ስልክ ቢጮህ አታነሺም፣ በር ቢንኳኳ አትከፍቺም። እጅሽ እንዳይቆም። ድስቱንም እንዳትከድኚው፤ እንፋሎቱ መጥፎውን ሽታ ይዞ መውጣት አለበት። እሳቱ ደግሞ ብርቱ ይሁን። ለዚያ ድስት የወጥ ቤት ምድጃ አይበቃውም፤ መንገድ ከሚሠሩ ሰዎች ትልቅ የጋዝ ምድጃ ተዋሺና ግቢው ውስጥ፣ ከግንቡ ሥር፣ አባቴ በቆርቆሮ የከደነው ቦታ ላይ አድርጊው። እዚያ ቆመሽ ሳስብሽ እኔም እዚያ ያለሁ ይመስለኛል። ግቢው እንዴት ነው?

እማዬ ስትቀምሰው ፊቷ እንዴት ሆነ? እሱን አልጻፍሽልኝም። የዚህ አገር በጋ ሲገባ እመጣለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 4

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ቦይለሩንም አንተንም እግዜር ያቀዝቅዛችሁ። የጥርስህን ነገር ሰምተን አዝነናል፤ ጠባዩ ባይጥመንም የራሳችን ነበር።

ዘዴህን ሞከርኩት። አራሚነት ለካ ለዚህ ሲያዘጋጀኝ ኖሯል፤ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ሳላቋርጥ ጥቂት ጥቂት መመረር አይደል። በግራ እጄ ሳህኑን ይዤ፣ በቀኜ እየቆነጠርኩ ቆምኩ። ስልኩ ጮኸ፤ አላነሳሁም። በር ተንኳኳ፤ አልከፈትኩም። ኋላ ሳጣራ ያንኳኳው አፍንጫው ነው። አፍንጫው የምለው አንተ ከሄድክ ወዲህ ከላያችን የገባውን ጡረተኛ ነው። ስሙን አላውቀውም፤ እሱ ግን ከዚህ ቤት የወጣ ሽታ አንዱንም አይረሳም። ሽንኩርት ስጠብስ ይወርዳል፣ በር ቀለም ሳስቀባ ይወርዳል። አሁን ደግሞ ደረጃ ላይ አግኝቶኝ «እመቤት፣ ይህ ሕንፃ መኖሪያ ነው ወይስ ፋብሪካ?» አለኝ። «እርስዎ የሚኖሩበት ከሆነ ፍርድ ቤት ነው» አልኩት። ተቀየመ። ቅሬታውን በጽሑፍ አመጣው፤ የፊደል ግድፈቱን አርሜ መለስኩለት።

ምድጃም ተገኝቷል። መንገድ የሚያነጥፉት ሰዎች ሬንጅ የሚያቀልጡበትን ለመንኳቸው። ሲለኮስ የአውሮፕላን ድምፅ አለው። ነበልባሉ መጀመሪያ ሰማያዊ ነበር፤ እየቆየ ወደ ቢጫ ሄደ። እናትህ ቢጫው ያምራል አለች።

ስለ ፊቷ ጠይቀሃል። በፊት ሽታው መጥቶ ይሄድ ነበር፤ አሁን ግን ሙሉውን ሰዓት አይለቅም። እሷም አልሄደችም። ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠችና ወሬ ጀመረች። አባትህ ሊጠይቃት ሽማግሌ ልኮ፣ የራሱን ቢራ ይዘው ሄደው፣ ጠርሙሱ ሲከፈት ቡሹ ተስፈንጥሮ የአጎቷን ባርኔጣ አወረደው አሉ። «እሱ ባርኔጣውን ሊያነሳ ባጎነበሰ ጊዜ እሺ አለ ተብሎ ተቆጠረ፤ በዚያው ተዳርኩ» አለች። ይህን ወሬ ሰምቼው አላውቅም።

በኋላ ራሴን ወቀረኝ። ግን ስለ ትዕግሥት የተጻፈ ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ እያረምኩ ስለሆነ ጥፋቱን ሆፑ ላይ አላደርግም። ድመቷ ምድጃው ሲለኮስ ከቤት ትወጣለች። ከቤተሰባችን ቢራ የማትወድ እሷ ብቻ ናት።

ግቢው እንዳለ ነው። ሆፑን አብዝተህ ላክ።

አራሚዋ


ኅዳር 27

ለእህት ዓለም፤

ጤናና ሰላም ለሁላችሁ፤ ለአፍንጫውም ቢሆን ጉንፋን ይስጥልኝ።

ሆፑን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የቡሹን ወሬ እኔም ሰምቼው አላውቅም። ኪሴ ውስጥ ይዤው እየዞርኩ፣ ቦይለሩ ሲያሳርፈኝ አነበዋለሁ። የሥራ ጓደኛዬ የሴት ደብዳቤ መስሎት ይጠቅሰኛል። የሴትማ ነው።

ቢጫ ነበልባል የንፋስ ነው። ያ ግቢ ድሮም ንፋሳም ነበር፤ አባቴ ሲጠምቅ አንዴ ባርኔጣው በርሮ ድስቱ ውስጥ ገብቶ «የዛሬው ጠቆር ይላል» ብሎ አማሰለው። ከለላ አድርጊለት። ንፋስ የሚባል ነገር እሳቱ አጠገብ አይድረስ። ለራስ ምታቱ ውሃ ጠጪ፤ ወይም የትዕግሥቱን መጽሐፍ ለቦይለሬ ላኪለት።

ሌላ አላስቸግርሽም። አንድ ነገር ብቻ፤ እማዬ በገዛ እጇ አንድ መስመር ትጻፍልኝ። የከበደው ጆሮዋ ነው እንጂ እጇ አይደለም መቼም። በደብዳቤሽ ውስጥ «እናትህ ሰላም ብላሃለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁሌም አንድ ዓይነት ሆነብኝ። አራሚ ሆነሽ እሱን እንዴት አለፍሽው?

በጋው ወደሚቀጥለው በጋ ተገፍቷል። አንዱ ቦይለር ሊቀየር ነው፤ አሮጌው ካለእኔ ሰው አያስጠጋም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታህን። ቁጭ ብዬ ልጽፍ ስል ሐሳቤ ይበታተንብኛል፤ ማተሚያ ቤትም «ትዕግሥት» የሚለው ቃል በሽፋኑ ላይ ተዛብቶ እንዲወጣ አሳልፌዋለሁ። አለቃዬ ትዕግሥቱ አለቀ።

አሁን በየቅዳሜው እጠምቃለሁ። ጠርሙስ ማስቀመጫ አጥቼ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ደረደርኩት። ፍልስፍናው ከቢራው ጀርባ ሆኗል፤ ድሮስ የት ነበር። ምክርህንም ተቀብያለሁ፤ ከለላ አድርጌለት ንፋስ ድራሹ ጠፍቷል። አፍንጫውም ጸጥ አለ። ነበልባሉ ግን ከቢጫ አልፎ ወደ ብርቱካን ሄዷል። የድስቱ ቂጥ ጥላሸት ለብሷል፣ ጣሪያውም እንደዚያው።

ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ለሳቅህ ልጻፍልህ። ቆሜ እየበተንኩ ነበር። ከዚያ ቀና ስል ራሴን ወለሉ ላይ ተቀምጬ አገኘሁት። እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ቁንጥሩ ግን ከጣቴ አልወደቀም! እናትህ ከወንበሯ ላይ ሆና ገርመም አደረገችኝና፣ «ሥራ ላይ ይተኛል እንዴ? ባሌ እንዳያይሽ» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ እሷን አስመለሳት። የበላነው ይሆናል ብለን ተውነው። ከዚያ ወዲህ ወንበሯን ራቅ አድርጋ ትቀመጣለች፤ እንፋሎቱ ጠጉሬን ያበላሻል ትላለች።

ጨዋታዋ ግን አይጠገብም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስትል ሰምቻት፣ «ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እሱን ማንም ጠይቆት አያውቅም» አለችኝ።

የጠየቅኸው የእጅ ጽሑፍ ይኸውልህ፤ ቅዳሜ ነው የጻፈችው። «ቁልፉን ይዘሃል ወይ?» ይላል። ጨምሪበት ብላት «ይበቃዋል» አለች።

ለዚህ ወር ሆፕ አለኝ፤ ለሚቀጥለው የለኝም።

አራሚዋ


ጥር 4

ለእህት ዓለም፤

ሰላምታዬን በአጭሩ ውሰጂልኝ፤ ዛሬ ለመመራረቅ ልቤ አልተሰበሰበም።

የእማዬ ጽሑፍ ደርሶኛል። የድሮ ጽሑፏን አጠገቡ አድርጌ አየሁት። እጇ ነው። ጥያቄው ግን ለማን እንደተጻፈ እርግጠኛ አይደለሁም። ዛሬ ላለሁት ለእኔ አይመስለኝም።

አሁን እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ ቦይለር ሠራተኛ ልጻፍልሽ። ራስ ምታት፣ ድንገት መዛል፣ ማስመለስ። በእኛ ሥራ እነዚህ ቃላት አንድ ገጽ ላይ ከተገናኙ ወረቀቱን አንጨርሰውም፤ እንሮጣለን። እሳት በቂ አየር ካላገኘ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ይተፋል፣ ከጥላሸቱ ጋር ደግሞ የማይታይ መርዝ ይለቃል። ሽታ የለውም። አፍንጫው እንኳ አያገኘውም። ሰውየው አይታፈንም፣ አያስለውም፤ ጥቂት ጥቂት እያለ ይገባውና እንቅልፉ የመጣ ይመስለዋል። እዚህ ምድር ቤት ከእኔ በፊት የነበረው ሰው እጁን መሣሪያው ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነው የተገኘው፤ የሚያስብ ይመስል ነበር አሉ።

ይህ ግን ቤት ውስጥ ሲሆን ነው። አንቺ ግቢ ውስጥ ነሽ። ጠቁሯል ያልሽው ጣሪያም የአባቴ ቆርቆሮ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ዙሪያው ክፍት ነው። ስለዚህ አልሰጋም። ልደውል ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት፤ እማዬ አትሰማ፣ አንቺ እጅሽ ድስት ላይ። ብቻ ድስቱ የት እንደሚጣድ በግልጽ ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አትጻፊ፤ እሱን ብቻ።

ወንድምሽ


ጥር 6

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

መልስህን ሳልጠብቅ ጻፍኩ። ሰላምታውን ከደብዳቤው መጨረሻ ታገኘዋለህ፤ መጀመሪያ ላይ ካስቀመጥኩት ጉልበቴ እዚያው ያልቃል።

የእናትህ ጆሮ ምንም አልሆነም። ድመቷ ስትረግጥ ትሰማለች። አምና ደውለህላት ስትዘጋብህ መስመሩ የተቋረጠ መስሎህ ነበር። እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ «አንድ ሰውዬ እማዬ እያለ ይጨቀጭቀኛል» አለችኝ። ይህን በምን ቃል እንደምጽፍልህ አላወቅሁም። ስለዚህ ጆሮዋን ወነጀልኩ። በአብዛኛው ቀን እኔንም አታውቀኝም፤ የማታውቃት ሴት ቤቷ ገብታ ምግብ ትሰጣታለች፣ እሷም በጨዋ ደንብ ታመሰግናለች።

ሆፑ ሲፈላ ግን ትመለሳለች። የአባትህ ሽታ ነው። ሦስት ጊዜ ስጨምር ሽታው ሲመጣ ትመጣለች፣ ሽታው ሲሳሳ ዓይኔ እያየ ትሄዳለች። ከዚያ አንተ ሳታቋርጪ በትኚ ብለህ ጻፍክልኝ። ስለ ቢራ የጻፍክ መስሎህ ነበር። ሙሉ ሰዓት ሰጠኸኝ ወንድም ጋሼ። በዚያ ሰዓት ውስጥ አንተም አለህ፣ አባትህም አለ፣ እኔም የወንድሟ ልጅ ነኝ። እጄ ካቆመ ሁላችንም እንወጣለን። እንዴት ብዬ ላቁመው?

ግቢው እንዳለ ነው ያልኩህ ደግሞ እውነት ነው፤ ጋራዥ ሆኖ ነው ያለው። አፍንጫው ሠርቶበታል። አንተ ብትሰማ በፖስታ ትደባደብ ነበር፤ ተውኩት። የምጠምቀው ወጥ ቤት ነው። ከለላ አድርጊ ስትለኝ ሳቄ መጣ፤ ወጥ ቤት ምን ንፋስ አለው ብዬ። ግን ሽታውን ይዞ ያቆይልኛል ብዬ የመስኮቱን ክፍተት ሁሉ በእርማት ወረቀት ለጠፍኩት። ስለ ትዕግሥት የተባለው ሁሉ አሁን እዚያ ላይ ነው፤ ቀን ቀን ብርሃኑ በምዕራፎቹ በኩል ይገባል። ወደ ጓሮ ደረጃ በሚያወጣው በር ሥርም ብርድ ልብስ ጎስጉሻለሁ። ወደ ኮሪደሩ የሚያስገባውን ብቻ ለእናትህ ትንሽ ገርበብ አደርገዋለሁ፤ ስልኩ ሥር ነው የምትቀመጠው።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ያ ሰዓት ያንሳታል። ቶሎ ትሄድብኛለች። ስለዚህ ሁለተኛ ምድጃ ተውሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ድስት ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይቀጥላል። እኔ ትንሽ ይደክመኛል፤ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ፊደሎቹ ይደራረቡብኛል። ያልፋል።

ሆፕ አትላክ። ራስህን ላክ። በጋውን ተወው።

ሰላምታው ይኸውልህ፤ ሰላም ሁን።
አራሚዋ


ጥር 21፣ ቅዳሜ

ለእህት ዓለም፤

ይህን ስታነቢ ምንም እንደማታስታውሺ ሐኪሙ በስልክ ነግሮኛል። ስለዚህ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሰላምታ በኋላ።

የጥር ስድስት ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። «ወጥ ቤት» ከሚለው ላይ ስደርስ ስልኩን አነሳሁ፤ የቀረውን ያነበብኩት ስልኩ እየጠራ ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። እንደገና ደወልኩ። እዚያ ሆኖ የሚጮኽ ስልክ እንዴት እንደሚሰማ አውቀዋለሁ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ጥቁሩ ነው፣ ሙት ይቀሰቅሳል። አንቺ ግን አታነሺም። ብትሰሚም አታነሺም። ስልክ ቢጮህ አታንሺ፣ እጅሽ እንዳይቆም ብዬ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ።

ስንተኛው ጥሪ ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ተነሳ።

«ማን ልበል?»

እማዬ ናት። ድምፅዋ ንጹሕ ነው። «እማዬ፣ መስኮቱን ክፈቺ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አይጩኹ፤ ልጅቷ ተኝታለች» አለችኝ።

«የት ነው የተኛችው?»

«እዚሁ፣ ድስቱ አጠገብ። ደክሟት ነው። ሠራተኛ ናት፣ ይተዋት።»

«እማዬ እኔ ነኝ። ልጅሽ ነኝ።»

እንደ ባዕድ ሰው በጨዋ ቃል፣ «ልጄ የለም፤ ወጥቷል። ሲመጣ ደውለዋል ብዬ እነግረዋለሁ» አለችና ስልኩን ልታስቀምጥ ስትል ትንፋሿ ከመነጋገሪያው ሲርቅ ሰማሁት።

ስለ መርዝ፣ ስለ አየር፣ ስለ እሳት ያለኝ እውቀት ሁሉ አፌ ላይ ነበር። አንዱም ለእሷ አይሆንም። የማታውቀው ሰውዬ መስኮት ክፈቺ ስላላት መስኮት የምትከፍት ሴት አይደለችም። ያኔ ነው ዋሽቼ፣ «እመቤት፣ ጩሉሌ እኮ ታች መንገድ ላይ ቆሟል» ያልኳት። «ቁልፉን ረስቶ ነው። በመስኮቱ ይወርውሩልኝ ይላል።»

«አይ ይሄ ልጅ!» አለች።

ስልኩን አላስቀመጠችውም፤ ለቀቀችው። ግድግዳውን ሲመታ ሰማሁት። እርምጃዋን ሰማሁ። ከዚያ ወረቀት ሲቀደድ። ረጅም ነው የተቀደደው፤ አጥብቀሽ ነው የለጠፍሽው። «ማነው ይሄን ሁሉ ወረቀት እዚህ ያደረገው» እያለች ትቆጣ ነበር። መቀርቀሪያው ተንቋቋ። ከዚያ መንገዱ ገባ፦ የመኪና ጥሩምባ፣ የሰው ድምፅ፣ አንድ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ መንገዳችን ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

በላዩ ላይ የእሷ ድምፅ። «ጩሉሌ! አንተ ጩሉሌ! ያዝ!»

መሐረቡ መንገዱ ላይ ሲያርፍ አልሰማሁም። ሩቅ ነው።

ደጋግማ ጠራችኝ። ከዚያ ተመልሳ ስልኩን አነሳች። «የለም» አለችኝ። «ደግሞ ሄዷል።»

«ይመለሳል» አልኳት። «መስኮቱን ብቻ አይዝጉበት።»

«ብርድ ነው እኮ።»

«ግድ የለም። ክፍት ካየ ይመለሳል።» ይህን እያልኩ ያዝኳት። ልጅቷን ይቀስቅሷት አልኳት፤ ነካካቻትና «አልነቃ አለች» አለችኝ። ያቺ ደቂቃ አሁንም አላለቀችልኝም።

ከዚያ በሩ ተደበደበ። መስኮቱ ሲከፈት ሽታው ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ አፍንጫው ሊከስሽ ወርዷል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ አቤቱታው በሰዓቱ ደረሰ። እማዬ ከፈተችለት። «ይህ ሕንፃ…» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። በስልኩ እጮህበታለሁ፤ እሳቱን አጥፋ፣ ጎትተህ አውጣት፣ ሁሉንም በር ክፈት። ሰውየው ሽማግሌ ነው፤ ግን በብብትሽ ይዞ ሲጎትትሽ፣ ተረከዝሽ ኮሪደሩ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁት። ብዙ ቆይቶ ሳልሽ። እንዲያ ያለ ጥሩ ሳል ሰምቼ አላውቅም። ቀጥሎ ስልኩን አነሳና ሲያለከልክ፣ «እጇን ልትከፍት አልቻለችም፤ የሆነ አረንጓዴ ነገር ጨብጣለች» አለኝ።

የጋራዡን ነገር ሰምቻለሁ። ይሥራበት።

እማዬ አፍንጫው ቤት ናት፤ መስኮት ይዛ ተቀምጣለች አለኝ። ሐኪሙ አንቺ ትድኛለሽ ብሏል፤ ሥራው ግን ቀስ በቀስ ነው። ከእኔ የመጣ አንድ ደብዳቤ በመንገድ ላይ አለ፤ «አልሰጋም» የሚል። ሲደርስሽ አታንብቢው።

አሮጌውን ቦይለር ለሥራ ጓደኛዬ አስረክቤ ነው ይህን የምጽፈው። ምናልባት ከደብዳቤው ቀድሜ እደርሳለሁ። እማዬ አታውቀኝም፤ ይህን አውቄ እመጣለሁ። ድስቱን እንዳትጥሉት፤ ግንብ በሌለበት ሜዳ ላይ እንጥደዋለን፤ እሷ ታሸታለች፣ እጅ እጃችንን እየተቀባበልን እንበትናለን።

ሰላምታዬ ይኸው፤ ሰላም ጠብቁኝ። መስኮቱን አትዝጉት።

ቁልፍ አልያዝኩም።

ወንድምሽ